አጥንቱ ከአፋር፣ ደሙ ከደጋው

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በስተቀኙ የዓባይን ሸለቆ፣ በስተግራው የጮቄን ተራራ ይዞ ይሄዳል። ኢትዮጵያ የሰው ዘር መገኛ ናት ሲባል የሚቆጠሩት ቦታዎች ግን ከዚህ መንገድ የራቁ ናቸው፤ ሐዳር፣ ዲኪካ፣ ጎና፣ መካከለኛው አዋሽ፣ ኦሞ ኪቢሽ። ምሥራቅ ጎጃም በዝርዝሩ የለም። አንድ የብቸና ወይም የሞጣ ተማሪ የታሪክ መጽሐፉን ዘግቶ «ለምን ሁልጊዜ አፋር? እኛ አገር ሰው አልነበረም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቂ መልስም አለው።

የመልሱ መጀመሪያ ሸለቆው ራሱ ነው። አፋፉን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈንቅሎ የወጣ ቅልጥ ዐለት የረጋበት ነው። ጮቄም በዚያ ላይ የተነሣ የጥንት እሳተ ገሞራ ሲሆን ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋማ ድንጋይ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ በነበሩበት ዘመን ባሕር እዚህ ድረስ ይደርስ ነበር። የእኛ የዘር ሐረግ ከቺምፓንዚ ሐረግ የተለየው ግን ባለፉት 6 ወይም 7 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሸለቆው ግድግዳ ከአፋፍ እስከ ወንዙ ቢፈተሽ ድንጋዩ ሰውን ቀድሞ የነበረ ነው። የሰውን አጥንት ከዚያ ውስጥ መጠበቅ አይቻልም።

አፋር ሌላ ነው። መሬቱ እየተለጠጠ ይሰምጣል፤ በሰመጠው ላይ ሐይቅና ወንዝ ደለል ያለብሳሉ፤ እሳተ ገሞራ በየመሐሉ አመድ ይነሰንሳል። በአመዱ ማዕድን ውስጥ የተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ሲለካ የንብርብሩ ዕድሜ ይታወቃል። ኋላም መሬቱ ሲሸረሸር የተቀበረው ይወጣል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽም፣ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲም የቆዩን በዚህ መንገድ ነው። የጎጃም ደጋ አፈሩን ለዓባይ የሚሰጥ አገር ነው፤ አጥንት አቅፎ የሚያቆይ ወፍራም ደለል አላከማቸም። አጥንት አለመገኘቱ ሰው አለመኖሩን አያሳይም፤ እኛ ግን ሁለቱን አንድ አድርገን ለምደናል።

በአማራ ክልል ምዕራብ ያለው ምድር ይህን ልማድ የሚያርም ማስረጃ ሰጥቷል። መጀመሪያ የተገኘው ከሰውም በጣም የቀደመ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ፣ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ደለል ውስጥ፣ የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ቅሪት ወጣ። ግኝቱን በ1996 ዓ.ም. ይፋ ካደረጉት አንዱ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማን ነው። እሱና የኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ወደ ምዕራብ ወርደው መተማ አካባቢ፣ ከዓባይ ገባሮች አንዱ በሆነው በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሰፈሩበትን ቦታ ቆፈሩ። ውጤቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል።

በቁፋሮው ከወጣው አፈር መካከል ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ፍንጣሪዎች ተገኙ። በኬሚካል ይዘታቸው ሲመረመሩ ከዛሬ 74000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ የመጡ ሆኑ። ያ ፍንዳታ የዓለምን አየር አቀዝቅዞ የሰውን ዘር ለጥፋት አቃርቦት ነበር የሚል ግምት ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የሽንፋ ሰዎች ግን አልጠፉም። የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የእንስሳት ጥርስ ሲመረመሩ አገሩ ይበልጥ መድረቁን አሳዩ፤ የምግብ ቅሪቱ ደግሞ ሰዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ ወደ መብላት መዞራቸውን ነገረ። ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል፤ ለመያዝም ይቀላል። ትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ሹሎችም ተገኝተዋል፤ አጥኚዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ከዚህ ተነሥተውም ሰው ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ያሉ ወንዞችን ተከትሎ፣ ከኩሬ ኩሬ እየተሻገረ ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ይህ የመጨረሻው አሳብ ገና ብዙ ክርክር ይጠብቀዋል። የዓሣው ነገር ግን ጽኑ ማስረጃ ያለው ይመስለኛል። ከጮቄ የሚፈልቁት ወንዞችም ወርደው ከዚያው ከዓባይ ይገባሉ።

ከዚህ በላይ ለደጋው ሰው የሚቀርበው ጥናት በቁፋሮ የመጣ አይደለም። የመጣው በመርፌ ነው።

አካላዊ አንትሮፖሎጂ የሞተውን ሰው ብቻ አያጠናም፤ የሕያው ሰው አካል በሚኖርበት ምድር እንዴት እንደ ተቀረጸም ይመረምራል። በከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅን ያንሳል። ከቆላ የወጣ ሰው ሰውነቱ እየቆየ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ያበዛል፤ ደሙም ይወፍራል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ነው። የቲቤት ሰዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አልጨመረም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። ዓለም የሚያውቀው እነዚህን ሁለት መንገዶች ነበር።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቤል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከአምሃ ገብረ መድህንና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አምባራስ ወጣች። የ236 ነዋሪዎችን ደም መረመሩ። በ1995 ዓ.ም. የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር፤ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ቁጥሮች ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለዩም። ገብስ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ አየሩ በሳሳበት አምባ ላይ፣ ቆላ እንዳለ ሰው ይተነፍሱ ነበር። ለሳይንሱ ይህ ሦስተኛ መንገድ ሆነ።

በ2005 ዓ.ም. የወጣ የዘረ መል ጥናት የሰሜን ተራራ አማሮችን ከባሌ ተራራ ኦሮሞዎች ጋር አነጻጸረ። የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ነበር። አጥኚዎቹ ካቀረቡት ማብራሪያ አንዱ የጊዜ ርዝመት ነው፤ በሰሜኑ ከፍታ ሰው ቢያንስ ለ5000 ዓመት እንደ ኖረ ሲገመት፣ የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ከፍተኛው ደጋ በስፋት የወጣው ከ500 ዓመት ወዲህ ነው። ይህ የመብለጥና የማነስ ነገር አይደለም። ሁለቱም ሕዝብ በየራሱ ጎዳና ላይ ነው፤ ዝግመተ ለውጥም በዓይናችን ፊት እየሠራ ነው። ለቲቤት ሰዎች ትልቁን ሥራ የሠራው ኢፓስ አንድ የተባለው ዘረ መል ዴኒሶቫውያን ከተባሉ ከጠፉ የሰው ዘመዶች የተወረሰ ነው። በኢትዮጵያ ደገኞች ላይ ጎልተው የወጡት ሌሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላው ሞጣ መናገር ግድ ይላል፤ ስሙን የሰማ ሰው የጎጃሟ ሞጣ ልትመስለው ትችላለችና። በ2004 ዓ.ም. ጆንና ካትሪን አርተር የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች በጋሞ ደጋ፣ ሞጣ በሚባል ዋሻ፣ ከ4500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጥንት አወጡ። በጋሞኛ ባይራ፣ የበኩር ልጅ፣ ተባለ። ዋሻው ቀዝቃዛ ስለነበር ከጆሮው ውስጠኛ አጥንት የወጣው ዘረ መል ሳይበላሽ ቆይቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲታተም ከአፍሪካ የጥንት ሰው ሙሉ ዘረ መል የተነበበበት የመጀመሪያው ሆነ። ባይራ ለከፍታ ኑሮ ይጠቅማሉ የሚባሉ የዘረ መል ዓይነቶች ነበሩት። ደጋውን የመልመዱ ነገር እንግዲህ ጥንታዊ ነው።

በጥናቱ ላይ የታየው ሐቀኝነት ከግኝቱ ባልተናነሰ ይማርከኛል። አጥኚዎቹ ከእስያና አውሮፓ ወደ አፍሪካ የተመለሰው ሕዝብ ደም እስከ ምዕራብና ደቡብ አፍሪካ ደርሷል ብለው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በኮምፒዩተር ስሌቱ ላይ ስሕተት ማግኘታቸውን ራሳቸው አሳወቁ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ሲጸና የሌላው ክፍል ተጋንኖ እንደነበር ጻፉ። ይህ የሙያው ክብር ነው። ሙያው ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ጎጃም ደግሞ ያንን ዘመን በቅርብ ታውቃለች።

በ1929 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ በጂኦሎጂስቱ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ሐይቅ ላከች። የሰዎቹን አካል የማጥናቱ ሥራ የሊድዮ ቺፕሪያኒ ነበር። ቺፕሪያኒ በአፍሪካ እየዞረ የሰዎችን ራስና ፊት የሚለካ፣ ፊታቸውንም በጄሶ የሚቀርጽ ሰው ነው፤ በሐምሌ 1930 ዓ.ም. የኢጣሊያን የዘረኝነት መግለጫ ከፈረሙት አሥር ሊቃውንት አንዱም እሱ ነው። የጣናው ጥናቱ በ1932 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። በእነዚያ ዓመታት አርበኛው በላይ ዘለቀ በብቸናና በአካባቢዋ ጠላትን እየተዋጋ ነበር። በዓባይ ማዶና ማዶ መንደር በሚቃጠልበት፣ መርዝ ጋዝ በዘነበበት አገር ላይ ነው እንግዲህ መለኪያው የወጣው። የሚለካው ሰው እንቢ ማለት ይችል ነበር ወይ? የውጤቱ ዓላማስ ምን ነበር? የተገዛው ሰው መገዛት እንደሚገባው በሴንቲ ሜትር ለማሳየት ነው። የራስ ቅል መለካት የሰውን አእምሮና ክብር እንደማይነግር ሳይንሱ ራሱ በኋላ አረጋገጠ። የጄሶ ፊቶቹ ግን ዛሬም ፍሎረንስ ተቀምጠዋል። በእኔ እምነት ስለ ሰው ዘር የሚያስተምር የኢትዮጵያ መምህር ይህን ምዕራፍ መዝለል የለበትም፤ የገበሬው ጥርጣሬ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳው ይህ ነውና።

ከነጻነት በኋላም ባለቤትነቱ ወዲያው አልመጣም። ድንቅነሽ ራሷ ለጥናት ክሊቭላንድ ሄዳ የተመለሰችው በ1972 ዓ.ም. ነው። በ1975 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ አጥኚዎችን የመስክ ሥራ አገደ፤ ከዚያ በኋላ በብሔራዊ ሙዚየም የራሳችን ቤተ ሙከራና የራሳችን ተመራማሪዎች እየተጠናከሩ መጡ። የጎንደሩ ብርሃነ አስፋው፣ የአዲግራቱ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዲኪካ ላይ ሰላም የተባለችውን የሕፃን ቅሪት ያገኘው የአክሱሙ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፤ ሁሉም ደጋ ተወልደው በአፋር ሐሩር ሥር የተንበረከኩ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ፈቃድንና ቅርስ ጥበቃን በሕግ አጸና። ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ስትሄድ የተነሣው ክርክር ሕዝቡ ጉዳዩን የራሱ ማድረጉን አሳይቷል።

ይህ ሕግ ግን ለአጥንት ነው። ደሙን የሰጠው ገበሬ ምን አገኘ? ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ይታተማል፤ የአማርኛ ቅጂ ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት መድረሱ የጥናቱ አካል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በመርጡለ ማርያም የሥነ ፍጥረቱን መጽሐፍ አክሲማሮስን እየሰማ ያደገ ወጣት ሥነ ፍጥረትን በእምነቱ ይዟል። በገዛ ደሙ ውስጥ ስላለው ነገር መረዳት ደግሞ መብቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ይህ ሁሉ ሊነገርበት የሚገባው ክፍልም አብሮ ተዘግቷል።

ጉዳዩ ከእውቀት አልፎ የጤና ጣቢያ ጉዳይም ነው። ብቸናና ሞጣ ሁለቱም ከ2400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከእነሱ በላይ፣ በጮቄ ተዳፋት፣ ከ3000 ሜትር አልፎ ገብስና ድንች ይመረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቆየው መመሪያው የነፍሰ ጡር ሴት ደም ማነስ ወሰን 11 ግራም በዴሲሊትር ነው ይል ነበር፤ በከፍታ ላይ ግን ወሰኑ ከፍ እንዲል ያዛል። በዚያው በቆየው መመሪያ 2500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም ተጨምሮ 12.3 ይሆን ነበር። መመሪያው በ2016 ዓ.ም. ሲሻሻል ጭማሪው ከ500 ሜትር ጀምሮ እንዲታሰብ ተደረገ። የቆየው ስሌት በአብዛኛው የተገነባው ከአሜሪካና ከፔሩ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ነበር፤ የአንዲስ ሰው ሄሞግሎቢን ደግሞ በከፍታ ይጨምራል። የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢን ግን አልጨመረም። የደጋዋ እናት ሰውነት እንደ አምባራሶቹ ከሆነ፣ 11.8 የለካች ጤነኛ ሴት ደም አንሷታል ተብላ ልትመዘገብ፣ የዞኑ የደም ማነስ ቁጥርም ያለ ልክ ከፍ ሊል ይችላል። ብቸናና ሞጣ ላይ፣ በጮቄም ወገብ ላይ፣ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ደም ተለክቶ፣ የብረት ማዕድን መጠኑም አብሮ ተመርምሮ፣ ወሰኑ ለዚህ ሕዝብ የሚስማማ መሆን አለመሆኑ ይፈተሽ። ለዚህ ቁፋሮ አያስፈልግም፤ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞች፣ የጤና ጣቢያዎቹ ነርሶችና ለእናቶቹ በአማርኛ ተጽፎ የሚመለስ ውጤት ይበቃሉ።