የነርስ ተማሪዎች የሰውነት አያያዝና ቪዲዮ፦ ተረትና እውነታ

ታማሚን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር፣ ወደ ራስጌ መሳብ፣ ጎኑን ማገላበጥ የነርስ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ የነርሶች ወገብ ሕመምም በብዛት የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው። ተማሪው ገና በተግባር መለማመጃ ክፍል ሳለ እንቅስቃሴውን በስልክ ቀርጾ መልሶ ማሳየት ክፉ ልማድ ሥር ሳይሰድ ለማረም ይረዳል። ዘዴው ርካሽና ቀላል ነው፤ በዙሪያው የሚነገረው ግን ሁሉም እውነት አይደለም።

«ተማሪው ወገቡን ማጉበጥ አለማጉበጡን ራሱ ያውቃል» የሚለው እምነት ከሁሉም የሰፋው ነው። እውነታው ሌላ ነው። ታማሚ ላይ ያጎነበሰ ሰው ልቡም ዐይኑም ታማሚው ላይ ነው፤ የገዛ ጀርባውን አያየውም፤ ስሜቱም ያታልለዋል። በልምምድ ክፍል ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ ተማሪዋ እንደ ታማሚ የተኛችውን የክፍል ጓደኛዋን ወደ ራሷ ታገላብጣለች። ስትጨርስ «ቀና ብዬ ነው የሠራሁት» ትላለች፤ ከልቧም ነው። ከጎን የተቀረጸው ቪዲዮ ሲከፈት ግን ሁለት እግሯ ገጥሟል፣ ጉልበቷ ምንም አልታጠፈም፣ ክንዷ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል፣ ጀርባዋ እንደ ቀስት ጎብጧል። የአልጋው ማዞሪያ እዚያው አጠገቧ እያለ አልጋው ከጉልበቷ ከፍ አላለም። መምህር አሥር ጊዜ ቢነግራት ያልታያት ነገር በአንድ ጊዜ ይታያታል።

ከዚህ ተነሥቶ «ቪዲዮውን ማሳየት በቂ ነው፣ የቀረውን ራሷ ታርማለች» ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። ሮትስቲንና አርኖልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ቪዲዮ ግብረ መልስ የተሠሩ ከ50 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጀማሪዎች የሚጠቀሙት ምኑን ማየት እንዳለባቸው ሲነገራቸው መሆኑን አሳይተዋል። ያልሠለጠነ ዐይን ራሱን በስክሪን ሲያይ መልኩን፣ ፀጉሩን፣ ድምፁን ነው የሚከታተለው። ስለዚህ መምህሩ ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ መርጦ መንገር አለበት፦ «በደረትሽና በታማሚዋ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቺ»።

ርቀቱ መጀመሪያ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ በጎ ፈቃደኛ የአከርካሪ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ግፊቱን መዝግበው ነበር። ሰውየው 20 ኪሎ ጭነት ከሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ ግፊቱ 1.1 ሜጋፓስካል ነበር፤ ከደረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲያርቀው 1.8 ደረሰ። ወገቡን አጉብጦ ያንኑ ጭነት ሲያነሣ ደግሞ 2.3 ሆነ። ርቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ እግር አቋቋም፣ ቀጥሎም በእግር መዞርን ትቶ በወገብ የመጠማዘዝን ስህተት ወደ ማረም ይታለፋል። ጉብጠት ከጎን፣ ጥምዘዛ ግን ከፊት ለፊት ስለሚታይ የስልኩም ቦታ አብሮ ይቀየራል።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚባለውም አያስኬድም። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የሚሰጥ ግብረ መልስ ተማሪውን ጥገኛ ያደርገዋል፤ ግብረ መልሱ ሲቀር ችሎታውም ይቀንሳል። ጥቂት ጊዜ ያለ ቪዲዮ ማለማመድ፣ «እንዴት የሠራሽ ይመስልሻል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ማሳየት ይሻላል። በዋርድ የተኛ ታማሚን መቅረጽም አያስፈልግም፤ ተማሪዎቹ ተስማምተው እርስ በርስ ቢለማመዱ ይበቃል።

ከሁሉም አደገኛው እምነት «አነሣሡን ያወቀ ማንንም ያነሣል» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪ ቶማስ ዋተርስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ሁኔታው ምቹ ሲሆን እንኳ አንድ ነርስ ከታማሚ ክብደት በእጁ መሸከም ያለበት እስከ 16 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩ ብቻ እዚህ ይደርሳል። ማራስና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ባደረጉት ጥናትም ሁለት ሰው ተጋግዞ ታማሚ ሲያዛውር እንኳ በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና አደገኛ ሆኖ ተገኝቷል። የወገብ ቀበቶ ይህን አይለውጠውም። የአነሣሥ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከልም ጥናቶች ሲጠቃለሉ ማስረጃ አልተገኘም።

ስለዚህ ቪዲዮው የጀርባን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ከማንሣት በፊት ያለውን ውሳኔ ማሳየት አለበት። ተማሪዋ ታማሚዋን «ጉልበትሽን ማጠፍ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀች ወይ? አልጋውን ከፍ አደረገች? ማንሸራተቻ ጨርቅ ዘረጋች? ማንሻ ማሽን በሌለበት ክፍል ባልደረባ ጠራች? አስታማሚ ልርዳሽ ቢል የት እንደሚቆምና ምን እንደሚይዝ ነገረችው? ቀረጻው የሚጀምረው እጇ ታማሚዋን ሳይነካ፣ ገና ወደ አልጋው ስትጠጋ ነው።