መንጋውና አንዷ በግ

ላቲን ሳስተምር፣ ስም አጥኑ ስል የአገናዛቢ ቅርጹንም አብራችሁ አጥኑ ማለቴ ነው። ተማሪዎች ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ሲያዩት «ፔኩስ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ።

ፔኩስ የቤት እንስሳ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በግ። አገናዛቢው «ፔኮሪስ» ከሆነ ፆታው ግዑዝ፣ ዓይነቱም ጥቅል ስም ነው፤ መንጋውን በሙሉ ይጠራል። «ፔኩዲስ» ከሆነ ግን አንስታይ ይሆንና ከመንጋው አንዷን ለይቶ ያሳያል። በባለቤትነት ሙያ ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው። እርባታቸውን (የሰዋስውን ማለቴ ነው) የማያውቅ አንባቢ ለመሥዋዕት የቀረበችውን አንዲት በግ ከመንጋው ጋር ይደባልቃል። «ፔኩ» የሚባል ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፤ እሱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ገንዘብ ማለት የሆነው «ፔኩኒያ» ከዚሁ ግንድ በቀለ። ሮማዊው ሊቅ ቫሮ፣ የእረኞች ሀብት ከብታቸው ስለነበር ነው ይላል። በጥንቱ የሮም ሕግም መቀጮ በበግና በበሬ ይቆጠር ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 የወጣው ሕግ መቀጮውን ወደ ነሐስ ገንዘብ ሲለውጥ በጉን በ10፣ በሬውን በ100 «አስ» ተመነ። ግዕዝ የተማረ ልጅ በዚህ አይደነቅም፤ «ንዋይ» ዕቃም፣ ከብትም፣ ገንዘብም ነውና።

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ኤሚል ቤንቬኒስት ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው፤ የፔኩስ ግንድ መጀመሪያ ተንቀሳቃሽ ንብረት ማለት ነበር፣ ከብትን ለይቶ መጥራት የጀመረው ኋላ ነው አለ። የዚሁ ግንድ ዘመድ የሆነው የጎቶች «ፋይሁ» ገንዘብና ንብረት መሆኑ ያግዘዋል። ሌሎቹ ዘመዶች፣ የሳንስክሪቱ «ፓሹ» እና የጀርመኑ «ፊ»፣ ግን ከብት ናቸው፤ ስለዚህ እኔ እስካሁን አልተረታሁለትም።

ከዘሩ ሁሉ ይበልጥ የሚስበኝ «ፔኩሊዩም» ነው። የሮም ባሪያ በሕግ የራሱ የሚለው ንብረት አልነበረውም። ጌታው ግን ገንዘብ፣ ከብት፣ ሱቅ፣ አንዳንዴም ሌላ ባሪያ ያስይዘዋል፤ ፔኩሊዩም የሚባለው ይህ ነው። ባሪያውም ነግዶ አትርፎ፣ ጌታው ከፈቀደ፣ ከዚያው ከፍሎ ነፃ ይወጣል። ፔኩሊዩሙ ደግሞ በሕግ የጌታው ነው። ታዲያ ባሪያው ነፃነቱን የገዛው በማን ገንዘብ ነው? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሾቹ «በጌታው!» ይላሉ፤ ሌሎቹ ላቡ የማን ነው ብለው ይነሡባቸዋል፤ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ እሰማለሁ።