ለጓሮ አትክልት የውሃ መለኪያ አመራረጥ

በመቀሌ ከተማ፣ በቃላሚኖ ሠፈር፣ ጓሮውን አልምቶ ለቤተ ሰቡ ሰላጣና ቲማቲም ለማብቀል የሚተጋ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የሚያጠጣው ውሃ ማዳበሪያ ሳይጨመርበት በፊትም ባዶ አለመሆኑ ነው። መቀሌ ውሃዋን ለብዙ ዘመን ከዓይናለም የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ስትቀዳ የኖረች ሲሆን፣ አገሩ የኖራ ድንጋይና የጀሶ አገር በመሆኑ ውሃው ማዕድን ይዞ ይወጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለዚህ ምስክር ነው።

በውሃ የሟሟውን ንጥረ ምግብ ይለካል የሚባለው መሣሪያ ሥራው ቀላል ነው። ስቫንተ አሬኒዩስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1884 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንደ ገለጸው፣ ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ወደሚያስተላልፉ ቅንጣቶች ይከፈላል። መሣሪያው የሚለካውም ይህን የማስተላለፍ ኃይል ነው። ስለዚህ የማዕድኑን ብዛት እንጂ ዓይነቱን አይናገርም፤ ማዳበሪያውን ከጀሶው አይለይም። ከዚህም በላይ ዩሪያ ሲሟሟ ወደ እነዚህ ቅንጣቶች አይከፈልም። እንግዲህ ዩሪያ በጥብጠው መለኪያው ከፍ ባይል፣ «አልበቃም» ብለው እንዳይደግሙ ይጠንቀቁ፤ አትክልቱ ይቃጠላልና።

መለኪያ ሲገዙ ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ ልኩን በሚሊሲመንስ የሚያሳየውን ይምረጡ። «ፒፒኤም» የሚለውን ቍጥር አንዱ ፋብሪካ ሚሊሲመንሱን በ500፣ ሌላው በ700 አባዝቶ ስለሚያወጣው፣ ያው አንድ ውሃ በአንዱ 1000፣ በሌላው 1400 ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛ፣ የውሃውን ሙቀት በራሱ የሚያስተካክል ይሁን። የማስተላለፉ ኃይል በ1 ዲግሪ 2 ከመቶ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ አለዚያ የጧቱና የቀትሩ ልክ አይስማሙም። ሦስተኛ፣ 1.413 ሚሊሲመንስ በሆነው መፈተኛ ፈሳሽ ሊታረም የሚችል ይሁን።

መሣሪያውን ከገዙ በኋላ በመጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ብቻ ለክተው ይመዝግቡ። ማዳበሪያውን ከበጠበጡም በኋላ ዳግመኛ ይለኩ፤ ልዩነቱ እርስዎ የጨመሩት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ0.7 ሚሊሲመንስ በታች የሆነ የመስኖ ውሃ በጨውነቱ አያሠጋም፤ ከ0.7 እስከ 3 ጥንቃቄ ይሻል፤ ከ3 በላይ የሆነው ግን ብርቱ ጉዳት ያመጣል። ሰላጣና ፎሶሊያ ጨው አይችሉም፤ ቲማቲም ይሻላል፤ ቀይ ሥር ደግሞ ከሁሉም ይታገሣል። የቧንቧው ልክ ከፍ ካለ፣ በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ይቀላቅሉበት፤ የዝናብ ውሃ ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነውና።

በመጨረሻም፣ ይህ መሣሪያ ይበልጥ የሚያስፈልገው አትክልቱን ያለ አፈር በውሃ ብቻ ለሚያበቅል ወይም ማዳበሪያ በጥብጦ ለሚያጠጣ ሰው ነው። በአፈርና በፍግ የሚያለማ ግን ከደመወዙ የቈጠበውን ገንዘብ ለመልካም ዘርና ለውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ቢያውለው የተሻለ ይጠቀማል።