ለክፍልዎ የትኛውን ነጭ ይመርጣሉ?

አንባቢ ሆይ፤ በሥራ ዝውውር ሰንበቴ ደርሰው የመጀመሪያ ክፍልዎን ተከራዩ እንበል። ባለቤቱ «ቀለሙን እርስዎ ያስቀቡ» ይሉዎታል፤ ባለሱቁም ሁለት ጣሳ ከፍቶ ያሳይዎታል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ቅቤ፣ ሌላው ወደ አመድ መልክ ያደላል። የተሳሳቱ እንደሆነ ከደመወዝዎ የተቆረጠው ገንዘብ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ እርስዎም ማታ ማታ ሲያጠኑ ያንኑ ሲያዩ ይከርማሉ።

እባክዎ በሱቁ ደጃፍ አይወስኑ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል። ከየጣሳው ጥቂት ለምነው በሁለት ሰፋፊ ካርቶን ላይ ደራርበው ይቀቡ። ሲደርቅ አጠገቡ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያኑሩ፤ ቅቤውና አመዱ ያን ጊዜ ይገለጣሉ። ከዚያም ካርቶኖቹን በየግድግዳው እያዘዋወሩ ጧት፣ ቀትርና ማታ በመብራት ይመልከቱ። ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል የቅቤውን መልክ ያጎላዋልና።

የአውሮፓ መጻሕፍት በሰሜን መስኮት ፀሐይ አይገባም ይላሉ። ይህ ለእነርሱ አገር በአብዛኛው እውነት ነው። በሰንበቴ ግን ከሚያዝያ 10 እስከ ነሐሴ 20 ቀን ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። እንግዲህ በመጽሐፉ ሳይሆን በራስዎ መስኮት ይፍረዱ። በበጋ ፀሐይ ለማያገኘው ክፍል ቅቤ መሳዩ ሙቀት ይሰጠዋል፤ የምዕራብ ፀሐይ ለሚያቃጥለው አመድ መሳዩ ዓይን ያሳርፋል።

የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው። በአንዱ እሑድ ናሙናውን ይውሰዱ፤ ትልቁን ጣሳ በሚቀጥለው ይግዙ። በመካከሉ ያለው ሳምንት ከባለሱቁ ምላስ የተሻለ ዳኛ ነው።