የመካከለኛ ዋጋ ሲዲ ማጫወቻ፦ የአርባ ዓመት ዳሰሳ

በ2000 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች 942.5 ሚሊዮን ሲዲ ለገበያ አቀረቡ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ያቀረቡት 31.6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ2021 ቁጥሩ ወደ 46.6 ሚሊዮን ሲያሻቅብ ሲዲ ተመለሰ ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ሆኖም በዓመቱ ወደ 33.4 ሚሊዮን ወረደ፣ በ2023 ደግሞ 37 ሚሊዮን ላይ ቆመ። የቁልቁለቱ ጉዞ ያበቃ ይመስላል፤ ዳገቱ ግን አልተጀመረም።

የማጫወቻው ታሪክ ከዲስኩ ጋር እኩል አልተራመደም። ሚሊየነር ላልሆነ፣ ግን ሙዚቃን በወጉ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው የሚሠራው የመካከለኛ ዋጋ ማጫወቻ የድምፅ ጥራቱ ጣሪያ ላይ የደረሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ማለትም የዲስኩ ሽያጭ ከፍታው ላይ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ዋጋው፣ የሚያነበው ክፍል ጥንካሬና የመለዋወጫው ጉዳይ ነው። የዛሬን ማጫወቻዎች የሚያወዳድር ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው ከሠላሳ ዓመት በፊት በተዘጋ ጉዳይ ላይ ነው።

ሶኒ ሲዲፒ-101 የተባለውን ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ በጥቅምት 1982 በ168,000 የን ለገበያ አቀረበ። በተከታዩ ዓመት አሜሪካ ሲገባ ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ ከ3,000 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን መካከለኛ ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውድ የሆነና በጣም ውድ የሆነ ብቻ ነበር። የዘመኑ ቁም ነገር በሶኒና በፊሊፕስ መካከል የነበረው የአሠራር ልዩነት ነው። በሲዲ ላይ ሙዚቃው የሚቀረጸው በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ስለሆነ፣ ሲጫወት ከ22,050 ኸርዝ በላይ የሚወጣው ሁሉ ሙዚቃ ሳይሆን የአሠራሩ ዝቃጭ ነው፤ ተቆርጦ መጣል አለበት። ሶኒ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይዞ፣ ዝቃጩን በአናሎግ ማጣሪያ በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ሞከረ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ቆረጣ ደግሞ ከድንበሩ በታች ያለውን ድምፅም መነካካቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር ግራና ቀኙን በየተራ ያስተናግድ ነበር፤ በሁለቱ መካከል 11 ማይክሮ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበረ።

ፊሊፕስ በእጁ የነበረው ቺፕ 14 ቢት ብቻ ነበርና ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነበት። የሰከንዱን ልኬት ብዛት በዲጂታል መንገድ በአራት አባዝቶ ወደ 176,400 ካደረሰው በኋላ ዝቃጩን ከሙዚቃው ርቆ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ከዚያ ለስለስ ያለ ማጣሪያ በቂው ሆነ። ከእጥረት የመነጨው ይህ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጃፓኖቹንም ጨምሮ የሁሉም ሆነ። በ1985 ፊሊፕስ ራሱ 16 ቢት የሆነውን ቲዲኤ1541 ቺፕ ሲያወጣ የሁለቱ መንገድ ተገናኘ። የመጀመሪያው የመታጠፊያ ነጥብ ይህ ነው። የ1983 ማጫወቻና የ1986 ማጫወቻ ጎን ለጎን ሲደመጡ ልዩነታቸውን ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም ነበር። (የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች ሸካራ ናቸው የሚለው ወቀሳ ግን ሁሉም ወደ ማሽኑ መላክ የለበትም፤ ብዙዎቹ ለሸክላ ተብሎ ከተዘጋጀ ቴፕ እንዳለ የተገለበጡ ነበሩ።)

ዋጋውም በዚያው ልክ ወረደ። ሶኒ በ1984 ያወጣው ተንቀሳቃሽ ዲ-50 በ49,800 የን ነበር የተሸጠው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ዋጋ ሲሶ እንኳ አይሞላም። በእንግሊዝ ደግሞ እንደ ሜሪዲያንና ሚሽን ያሉ ትናንሽ ኩባንያዎች የፊሊፕስን ማሽን ከነአካሉ እየወሰዱ የኃይል ምንጩንና የመውጫውን ክፍል በራሳቸው መንገድ መሥራት ጀመሩ። የመካከለኛው መደብ መሠረት የተጣለው እዚህ ላይ ነው፦ ሌዘሩና ቺፑ ከትልቁ ፋብሪካ፣ ቅመሙ ከትንሹ ወርክሾፕ።

ሁለተኛው መታጠፊያ በ1980ዎቹ ማብቂያ መጣ። ባለብዙ ቢት ቺፕ ትክክለኛ እንዲሆን ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ምንጮች እጅግ በረቀቀ ልክ መመጣጠን ነበረባቸው፤ ይህም ውድ ነው። የፊሊፕስ ቢትስትሪምና የማትሱሺታ ማሽ የተባሉት አዳዲስ ዘዴዎች ሥራውን ከመጠን ወደ ጊዜ አዞሩት፤ አንዱን ቢት እጅግ በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ድምፁን ማውጣት ቻሉ። ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሚለካ ማጫወቻ መሥራት ከዚያ በኋላ ተራ ነገር ሆነ። የድሮውን ቲዲኤ1541 እስከ ዛሬ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ የሚያሳድዱ አሉ፤ ፍቅራቸውን አልነቅፍም፣ ምክንያታቸውን ግን መለኪያ መሣሪያ አይደግፈውም።

ከ1990 እስከ 1999 ያለው ጊዜ የዚህ መደብ ወርቃማ ዘመን ነው። ሮቴል አርሲዲ-965ቢኤክስን፣ ሬጋ ፕላኔትን፣ ማራንትዝ ደግሞ ሲዲ-63ን ይዘው ገበያ ወጡ። ከእነዚህ መካከል ዘመኑን አሳምሮ የሚያሳየው የማራንትዙ ነው። መሠረታዊው ሲዲ-63 በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥ ተራ ማጫወቻ ነበር። የኩባንያው የድምፅ ባለሙያ ኬን ኢሺዋታ (በ2019 ያረፈው) ይህንኑ ማሽን ወስዶ ሳጥኑን በመዳብ አስለበጠ፣ ትራንስፎርመሩን ቀለበት ቅርጽ ባለው ተካ፣ ካፓሲተሮቹን መርጦ ቀየረና በ1996 ሲዲ-63 ማርክ ሁለት ኬአይ ሲግኔቸር ተብሎ በ500 ፓውንድ ተሸጠ። ሌዘሩና አነባበቡ ግን ከርካሹ ወንድሙ ጋር አንድ ነበር። ሃያሲዎች አደነቁት፤ ስሙም የመካከለኛ ዋጋ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ያ ሁሉ አድናቆት ከየት መጣ? ከፊሉ እውነት ነው፤ የኃይል ምንጩ ጸጥ ያለ፣ የመውጫ ክፍሉ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚግባባ ነበር። ከፊሉ ግን ከድምፅ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። የሲዲ ማጫወቻ መውጫ በልማድ 2 ቮልት ይሁን እንጂ ብዙ አምራቾች ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ ጆሮ ደግሞ በጥቂት አሥረኛ ዴሲቤል የሚበልጠውን ድምፅ «ጮኸ» ሳይሆን «ጠራ» ብሎ ነው የሚቀበለው። መጠኑን በቮልት መለኪያ ሳያስተካክሉ የተደረጉ ውድድሮች በሙሉ ከዚህ ወጥመድ አያመልጡም፤ የዚያ ዘመን መጽሔቶች ደግሞ በነዚህ የተሞሉ ናቸው።

ጣሪያው ላይ መደረሱን የሚደግፍ ሙከራ በ2007 ወጣ። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ከሲዲ እጅግ የላቀ ነው የተባለውን የሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ድምፅ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ልክ አውርደው ለአድማጮች አሰሙ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገራቸው ማለት ነው። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፣ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ያልተለየ ውጤት። የሲዲ 16 ቢት በጸጥተኛውና በጯሂው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት ስላለው፣ ተራ ሳሎን ውስጥ ያለው ጫጫታ ብቻውን ከሥሩ ብዙውን ይውጠዋል።

እስከዚያ ግን ገበያው ተናግቶ ነበር። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ በ1999፣ ዲቪዲ ኦዲዮ በ2000 መጥተው ገዢውን ግራ አጋቡት። ከሥር ደግሞ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲም ስለሚያጫውት ዝቅተኛውን መደብ በላው። በጥቅምት 2001 አይፖድ ታወጀ። የሚያስገርመው፣ ገዢው ሲሸሽ ማሽኖቹ ለዋጋቸው እየተሻሉ መሄዳቸው ነው፤ ካምብሪጅ ኦዲዮ በዚያው አሥርት ዓመት ያወጣው አዙር 640ሲ፣ ውስጡ የዎልፍሰን ቺፕ ይዞ፣ ከቀደመው ዘመን ውድ ማሽኖች ጋር የሚወዳደር ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ የ2009ኙ ነው፦ የስኮትላንዱ ሊን ሲዲ ማጫወቻ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ሊን መካከለኛ ዋጋ አልነበረም፤ ቢሆንም ላይኛው ፎቅ ሲዘጋ ለመካከለኛውም መሰማቱ አልቀረም።

ለእኛ ይህ መስመር ትንሽ ለየት ይላል። አዲስ አበባ ከካሴት ወደ ሲዲ ዘግይታ ገብታ ወደ ስልክ ቶሎ ወጣች፤ ሳሎን ውስጥ በወጉ የተቀመጠ ማጫወቻና መደርደሪያ ሙሉ ዲስክ ይበልጥ የሚገኘው ውጭ አገር በሚኖረው ወገናችን ዘንድ ነው። የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረውና በ2017 ሠላሳኛ ቅጹን ያወጣው ኢትዮፒክስም ብዙውን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሥራ ያዳረሰው በሲዲ ነው። እነዚህን ዲስኮች ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፦ የድምፁን ወሰን ያበጀው የዚያን ዘመን ቅጂ ነው። ማጫወቻውን በሁለት እጥፍ ዋጋ መቀየር ከሳክስፎኑ ጀርባ ያለውን የቴፕ ሹክሹክታ አያጠፋውም።

ከ2010 ወዲህ ያለው ዘመን ቁጥሩ ያነሰ፣ ሐሳቡ የጠራ ነው። ኦዲዮላብ 8200ሲዲ የዩኤስቢና ሌሎች ዲጂታል መግቢያዎች ጨምሮ ማጫወቻውን የሥርዓቱ ማዕከል አደረገው። ካምብሪጅ በ2015 በሲኤክስሲ ተቃራኒውን አደረገ፦ ቺፑን አውጥቶ ጣለውና ዲስክ አንብቦ ዲጂታሉን ብቻ የሚያስተላልፍ ማሽን ሸጠ። የኋላ ኋላ የመጣው ኦዲዮላብ 6000ሲዲቲም በዚሁ መንገድ ሄዶ፣ የተጫረ ዲስክ እንዳይንተባተብ አስቀድሞ የሚያነብ ማከማቻ ጨመረበት። ሁለቱም ኩባንያዎች ሳይናገሩ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ቺፑ ከእንግዲህ ርካሽ ዕቃ ሆኗል። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጣት የጆሮ ማዳመጫ ማያያዣ ውስጥ ያለው ቺፕ እንኳ ሲለካ የሰው ጆሮ ከሚለየው በላይ ንጹሕ ነው።

ውድና ብርቅ የሆነው ሌዘሩና ሞተሩ ነው። ፊሊፕስ ከማንበቢያ ሥራው ወጥቷል፤ የቀሩት አቅራቢዎች ጥቂት ናቸው። ቺፕም ቢሆን አደጋ አያጣውም፤ በጥቅምት 2020 የጃፓኑ አሳሂ ካሴይ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ በዚያው ዓመት የወጣው ማራንትዝ ሲዲ6007 የሚጠቀምበት ቺፕ የሚሠራው እዚያ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሲዲ6007 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ከ500 ፓውንድ በታች ነው። የ1996ቱ 500 ፓውንድ ዛሬ ወደ 1,000 ፓውንድ እንደሚጠጋ ስናስብ፣ የዚህ መደብ እውነተኛ ዋጋ በሩብ ምዕተ ዓመት ግማሽ ያህል ወርዷል።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው፦ አዲስ የምትገዙ ከሆነ በዚህ መደብ ካሉት መካከል በድምፅ ብቻ ለመምረጥ አትድከሙ። ትሪው ሲወጣና ሲገባ አይንገዳገድ፣ ዲስኩ ሲዞር ከሁለት ሜትር ርቀት አይሰማ፣ ዲጂታል መውጫ ይኑረው፣ ሻጩም የሌዘር መለዋወጫ እንደሚያገኝ ያረጋግጥላችሁ። ያገለገለ የ1990ዎቹ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከስሙ ይልቅ የሌዘሩን ዓይነት ጠይቁ፤ ምትክ የሌለው ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። ለሙከራ ከቤታችሁ የተጫረ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና የመጨረሻውን ዘፈን አጫውቱ፤ ሲዲ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚነበብ፣ የደከመ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ጠርዙ ላይ ነው።