ለረጅም የሙያ ፈተና የጥናት ጊዜን ማቀድ፤ የቻርተርድ ፋይናንሻል አናሊስት መመዘኛ እንደ ምሳሌ

በሥራ ላይ ያለ ሰው ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጪ በራሱ ጥረት የሚያጠናው የሙያ ፈተና፣ በትምህርት ዕቅድ ሠንጠረዦች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስፍራ የማይሰጠው የትምህርት ዘርፍ ነው፡፡ የክፍል ደወል የለውም፤ ስም ጠሪ የለውም፤ ቀሪውን የሚመዘግብ መምህርም የለውም፡፡ ተማሪው ራሱ የመርሐ ግብሩ አዘጋጅ፣ ፈጻሚና ተቆጣጣሪ ነው፡፡ በዚህም ምክንያት ዕቅዱ ሲፈርስ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው አካል ስለሌለ፣ የመፍረሱን ነገር የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ በተገለጸበት ዕለት ይሆናል፡፡ በፋይናንስ ሙያ ከሚሰጡት እንዲህ ካሉት ፈተናዎች መካከል በርዝመቱና በክብደቱ የታወቀው የቻርተርድ ፋይናንሻል አናሊስት፣ በተለምዶ ሲ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው መመዘኛ ነው፡፡

መመዘኛው የተፀነሰው በአሜሪካ ነው፡፡ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ታዋቂው የኢንቨስትመንት ምሁር ቤንጃሚን ግርሃም እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐኪምና ኦዲተር በሙያ ማስረጃ እንደሚመዘኑ ሁሉ የሌላውን ሰው ገንዘብ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ እንዲውል የሚመክር ባለሙያም ሊመዘን ይገባዋል ሲል ተከራከረ፡፡ ሐሳቡ ተግባራዊ እስኪሆን ግን አሥራ ስምንት ዓመታት ወሰደ፡፡ የመጀመሪያው ፈተና እ.ኤ.አ. በጁን 1963 ሲሰጥ የቀረቡት ተፈታኞች 284 ብቻ ነበሩ፡፡ ዛሬ ቻርተሩን የያዙት ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ ወደ 200,000 ይጠጋሉ፡፡

የፈተናው አሠራር

ፈተናው ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አንደኛውን ያላለፈ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ያላለፈ ወደ ሦስተኛው አይገባም፡፡ ለምዝገባ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ወይም ለመመረቅ ከ23 ወር ያልበለጠ ጊዜ የቀረው ተማሪ መሆን፣ ወይም በሥራና በትምህርት የተጠራቀመ 4,000 ሰዓት ማቅረብ ይጠየቃል፡፡ ሦስቱን ደረጃዎች ማለፍ ብቻውን ቻርተሩን አያስገኝም፤ ከኢንቨስትመንት ውሳኔ ጋር የተያያዘ፣ ከ36 ወር ባላነሰ ጊዜ የተከናወነ 4,000 ሰዓት የሥራ ልምድም ያስፈልጋል፡፡

አንደኛው ደረጃ 180 ጥያቄዎችን ይዟል፡፡ እነዚህም ለሁለት ተከፍለው እያንዳንዱ ግማሽ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሠራል፤ ይህም ለአንድ ጥያቄ 90 ሰከንድ ማለት ነው፡፡ ከሦስት አማራጮች አንዱ ይመረጣል፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፡፡ የሁለተኛው ደረጃ ጥያቄዎች ረዘም ያለ ታሪክ ቀርቦ ከእርሱ የሚወጡ ሲሆኑ፣ በሦስተኛው ደረጃ ተፈታኙ ከመምረጥ በተጨማሪ በራሱ ቃላት ጽፎ ምክንያት እንዲሰጥ ይገደዳል፡፡

ለማለፍ ስንት ትክክለኛ መልስ እንደሚያስፈልግ አይገለጽም፡፡ የሚገለጸው ያለፉት ሰዎች መቶኛ ነው፤ እርሱም በተለመደው ጊዜ ለአንደኛው ደረጃ ከ35 እስከ 45 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሲመላለስ ቆይቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ግን ወደ 22 በመቶ ወርዶ ነበር፡፡ ለስሌት ያህል ሦስቱን ደረጃዎች በመጀመሪያ ሙከራ የማለፍ ዕድል እንደ ቅደም ተከተሉ 44፣ 45 እና 50 በመቶ ነው ቢባልና ሦስቱ ቢባዙ ውጤቱ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል፡፡ እርግጥ ይህ ስሌት ሻካራ ነው፤ አንደኛውን በብቃት ያለፈ ሰው ለሁለተኛውም የተሻለ ዝግጁ ስለሚሆን ዕድሎቹ ፍጹም የተነጣጠሉ አይደሉም፡፡ ቢሆንም ድጋሚ ፈተና በዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ጉዳይ እንጂ እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚቆጠር አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል፡፡

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም፡፡ ለአንድ ደረጃ የሚከፈለው የመመዝገቢያ ዋጋ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ዘግይቶ የተመዘገበ ደግሞ ጨምሮ ይከፍላል፡፡ በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ የአንድ ደረጃ ክፍያ ከ100,000 ብር ያልፋል፡፡ በደመወዝ ለሚተዳደር ወጣት የባንክ ሠራተኛ ይህ የብዙ ወራት ገቢ ነው፡፡ እንግዲህ ሳይዘጋጁ ለመሞከር ያህል ብቻ መቀመጥ የሚባለው ልማድ በዚህ ፈተና ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል፡፡

ሦስት መቶ ሰዓት ከየት ይገኛል?

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢንስቲትዩት ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት እንዲመደብ ይመክራል፡፡ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፡፡ አንድ ሠራተኛ በሳምንት አራት ቀን ማለዳ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢያጠና 12 ሰዓት ያገኛል፡፡ በ26 ሳምንት 312 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ስድስት ወር ይበቃል የሚል መደምደሚያ ላይ ይደረሳል፡፡

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1994 ቢዩለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር፡፡ የተማሪዎቹ ግምት በአማካይ 34 ቀን ገደማ ሲሆን በተግባር የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነበር፡፡ ሰው ዕቅድ ሲያወጣ የሚታየው ሥራው ያለ እንቅፋት ሲከናወን ነው፤ ያለፈውን ልምዱን ለማገናዘብ እምብዛም አይሞክርም፡፡ በአገራችን ኑሮ ደግሞ እንቅፋቱ የታወቀ ነው፡፡ ለቅሶ አለ፤ ሠርግ አለ፤ ዕድርና ማኅበር አለ፤ መብራት የሚጠፋበት ምሽት አለ፡፡ ከእነዚህ አንዱንም ችላ ማለት አይቻልም፤ የለቅሶን ነገር በጥናት ማመካኘትማ ጎረቤትን ማጣት ነው፡፡ ከ26ቱ ሳምንታት አምስቱ እንዲህ ባለ ምክንያት ቢያልፉ የሚቀረው 252 ሰዓት ይሆናል፤ ጉድለቱም 48 ሰዓት ነው፡፡ ይህም የአራት ሳምንት ጥናት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ከመጨረሻው የክለሳ ወቅት ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ከቁጥሩ ይበልጣል፡፡ ስለዚህ ዕቅዱ ከ26 ይልቅ በ32 ሳምንት መሠራት፣ ስድስቱም ሳምንታት ለምንም ሳይመደቡ ባዶ መተው ይኖርባቸዋል፡፡

የወር ምርጫም የዕቅዱ አካል ነው፡፡ አንደኛው ደረጃ በዓመት አራት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ይሰጣል፡፡ በኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ በባንክም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ለሚሠራ ሰው የኦገስቱ ፈተና ከሁሉ የከፋ ነው፤ የክለሳው ጊዜ ከሂሳብ መዝጊያው ጋር ይጋጫል፡፡ የሜይ ፈተና ደግሞ ክለሳው በሁዳዴ ማብቂያና በፋሲካ ሰሞን ላይ ይወድቃል፡፡ ለሙስሊም ተፈታኝ የረመዳን ወር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ የእርሱ ስሌት በየዓመቱ አዲስ መሆን አለበት፡፡ የፌብሩዋሪው ፈተና ከልደትና ከጥምቀት ጋር መነካካቱ ባይቀርም ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ይታያል፡፡ ከየካቲት መጀመሪያ 32 ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር የጥናቱ መነሻ ሰኔ ማብቂያ ላይ ይሆናል፤ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ክረምቱን ይዞ መጀመር ይቻላል ማለት ነው፡፡

ሰዓቱን ማከፋፈል

የአንደኛው ደረጃ ትምህርት በአሥር ዘርፎች ይከፈላል፡፡ ከፍተኛው ድርሻ የሙያ ሥነ ምግባር ሲሆን ከ15 እስከ 20 በመቶ ይይዛል፡፡ የፋይናንስ መግለጫ ትንተና፣ አክሲዮንና ቋሚ ገቢ ያላቸው ሰነዶች እያንዳንዳቸው ከ11 እስከ 14 በመቶ አላቸው፡፡ መጠናዊ ዘዴ፣ ኢኮኖሚክስና የድርጅት ፋይናንስ ከ6 እስከ 9 በመቶ ሲይዙ የቀረውን ሌሎቹ ይካፈሉታል፡፡

ሰዓቱን በእነዚህ መቶኛዎች ብቻ መደልደል ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም፡፡ በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው ለፋይናንስ መግለጫ ከድርሻው ያነሰ ሰዓት ይበቃዋል፤ ቦንድ ሲገበያይ አይቶ የማያውቅ መሆኑ ግን ለቋሚ ገቢ ሰነዶች ከድርሻው እጥፍ ሊያስፈልገው ይችላል፡፡ መጠናዊ ዘዴ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ሌሎቹ ዘርፎች የቆሙበት መሠረት ስለሆነ መቅደም አለበት፡፡ ሥነ ምግባር በተፈታኞች ዘንድ በተለምዶ ንባብ ብቻ ተብሎ ይናቃል፡፡ ጥያቄዎቹ ግን በሁለት ደግ የሚመስሉ ድርጊቶች መካከል እንዲለይ የሚያስገድዱ ናቸው፤ በማለፊያው ጠርዝ ላይ ላለ ተፈታኝም የዚህ ዘርፍ ውጤት ሊወስን ይችላል፡፡ በመጀመሪያ ተነቦ በመጨረሻው ወር እንደገና ቢነበብ ይመረጣል፡፡

ከ300ው ሰዓት 200ውን ለንባብ፣ 100ውን ለልምምድ ማዋል ተገቢ ነው፡፡ ይህን የሚደግፍ የታወቀ ጥናት አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ፡፡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ፡፡ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህል ይዘው ተገኙ፡፡ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ዛሬ ያወቀ የሚመስለው ለዚህ ነው፡፡ ከ100ው የልምምድ ሰዓት ውስጥ 45ቱ ለአምስት ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች ቢውሉ፣ ለእያንዳንዱ አራት ሰዓት ተኩል መሥሪያና ያንኑ ያህል ጊዜ ስሕተትን መመርመሪያ ይሆናል፡፡ መመርመሪያው መታለፍ የለበትም፤ ነጥቡን ብቻ አይቶ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ተፈታኝ አምስት ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይደግማል፡፡

የ300 ሰዓቱ ምክር በእንግሊዝኛ በፍጥነት ማንበብ የሚችለውን ሰው ታሳቢ ያደረገ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ተፈታኙ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ምዕራፍ በሰዓት ቆጣሪ አንብቦ ፍጥነቱን ቢለካ፣ የሚያስፈልገው 300 ይሁን 400 ከራሱ ልኬት ይረዳል፡፡

በዚህ ረገድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድርሻ ከሚታሰበው በላይ ነው፡፡ የገንዘብን የጊዜ ዋጋ ለመረዳት የሚያስፈልገው መሣሪያ የጂኦሜትሪ ተከታታይ ሲሆን፣ እርሱም በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ይሰጣል፡፡ በዓመት 10 በመቶ ወለድ 1,000 ብር በሦስት ዓመት 1,331 ብር ይሆናል፡፡ በተገላቢጦሽ፣ በየዓመቱ መጨረሻ 1,000 ብር ለሦስት ዓመት የሚያስገኝ ሰነድ ዛሬ ስንት ያወጣል? 909.09፣ 826.45 እና 751.31 ሲደመሩ 2,486.85 ብር ይሆናል፡፡ የቦንድ ዋጋ አወሳሰን በሙሉ ከዚህ ስሌት የሚዘረጋ ነው፡፡ ተከታታዩን በቀመር ብቻ የተማረ ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ቀመሩን ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በቁጠባ ደብተር ምሳሌ የተማረው ግን ነገሩን ያውቀዋል፡፡

ስለ ሙያዊ ጥቅሙ

ቻርተሩ የሥራ ፈቃድ አይደለም፡፡ በአሜሪካ አንዳንድ የፈቃድ ፈተናዎችን ሊያስቀር ቢችልም በአብዛኛው አገር ሕጋዊ ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ የኦዲት ሪፖርት ላይ ለመፈረምም አያበቃም፤ ይህ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሚመራና የተለየ ማስረጃ የሚጠይቅ ነው፡፡ ስለዚህ ኦዲተር ወይም የሂሳብ ኃላፊ ለመሆን የሚሻ ወጣት ሲ.ኤፍ.ኤ. ከባድ ስለሆነ ብቻ ቢመርጠው መንገዱን ስቷል፡፡ ጥቅሙ የሚጎላው በፖርትፎሊዮ አስተዳደር፣ በአክሲዮንና በቦንድ ጥናት፣ በጡረታና በመድን ገንዘብ ኢንቨስትመንት፣ በአደጋ ትንተና ሥራዎች ላይ ነው፡፡

ሌላም ሊመዘን የሚገባ ነገር አለ፡፡ አንደኛውን ደረጃ ያለፈ ሰው ማለፉን በማስረጃው ላይ መግለጽ ይችላል እንጂ በስሙ ላይ የሚጨምረው ማዕረግ የለም፤ ማዕረጉ የሚገኘው በመጨረሻው ላይ ነው፡፡ ያለፈ ደረጃ ጊዜው አያልፍበትም፤ በመካከል ማረፍ ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ ሦስቱ ደረጃዎች 900 ሰዓት ሲሆኑ፣ አንድም ድጋሚ ሳይኖር በሥራ ላይ ያለ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፡፡

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ከገበያው አለመኖር የተነሣ የሩቅ ጉዳይ ነበር፡፡ በ1950ዎቹ ማብቂያ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት በ1967 ዓ.ም. የግል ድርጅቶች ሲወረሱ ተቋረጠ፡፡ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ ግን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፡፡ የኢንቨስትመንት አማካሪ፣ ደላላና የኢንቨስትመንት ባንክ የሚሆን ድርጅት ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ፈቃዱን የሚያገኘው ድርጅትም የአክሲዮንን ዋጋ መርምሮ የሚናገር ሰው መቅጠር አለበት፡፡ ገበያው ገና ጥቂት ተመዝጋቢ ያለው በመሆኑ የዛሬው የሥራ ቦታ ቁጥር አነስተኛ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ዛሬ በሰኔ ማብቂያ መጽሐፉን የሚከፍት ወጣት ሦስተኛውን ደረጃ የሚጨርሰው ከሁለት ዓመት ተኩል ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ኃይል ዕቅድ አውጪዎችም ሊገምቱት የሚገባው የዚያን ጊዜውን ፍላጎት ነው፡፡