እግርና ደብተር ሲፎካከሩ

የሰሜን ጎንደሯ ደባርቅ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ዳገቱን እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ሳያውቀው ልምምድ ሠራ ማለት ነው። ታዲያ ይህ እግር ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል?

እዚህ አገር መልሱ አጭር ነው፤ አያስገባውም። ደባርቅም ሆነ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመመደብ ወሳኙ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ሜዳሊያ የፈተና ነጥብ አይሆንም።

አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ዊሊያምስና አምኸርስት ያሉ ትንንሽ ግን መራጭ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የገንዘብ እርዳታ የሚሰጡት የቤተሰብ አቅም አይተው ነው። ይሁንና አሰልጣኙ የሚፈልጋቸውን ልጆች ስም ለተማሪ ቅበላ ቢሮ ያቀርባል። ስሙ የቀረበለት ልጅ ከእኩዮቹ ቀደመ ማለት ነው። ከነዚህ በሚተልቀው ሃርቫርድ ላይ ከተመሠረተ ክስ በወጣ መረጃ፣ ለስፖርት ከተመለመሉ አመልካቾች 86 በመቶው ገብተዋል።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤም ለኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ባዮኬሚስትሪ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ወስዷል።

የደባርቁ ልጅ ግን ልብ ይበል! አሰልጣኝ ቢመርጠውም እነዚያ ኮሌጆች ውጤቱን ማየታቸው አይቀርም። ለሩጫ ብሎ ደብተሩን የጣለ፣ የዚህኛውንም የዚያኛውንም በር በገዛ እጁ ይዘጋል።